ማኅተም ያረፈበት ኤክስል

ታሪክ አንዳንዱን ሰው በሰይፉ፣ አንዳንዱን በብዕሩ ይመዘግባል። አቶ ሽበሺን ግን በማኅተማቸው ከመመዝገብ ሌላ ምርጫ የለውም። አቶ ሽበሺ በሐዋሳ ከተማ፣ ስሙን የማንጠራው የአንድ ቅሬታ ሰሚ መሥሪያ ቤት ተወካይ ኃላፊ ነበሩ። ስሙን የማንጠራው ፈርተን እንዳይመስላችሁ፤ ማኅተም ያረፈበት ፈቃድ ስለሌለን ነው።

«ተወካይ» የምትለዋን ቃል እንደ ቀላል አትዩአት። በቢሯቸው በር ላይ በነጭ ቀለም ተጽፋ ለዓመታት አብራቸው ኖራለች። ስብሰባ ላይ ከስማቸው በፊት እሷ ትጠራለች። ታቦር ሰፈር ባለቤታቸው ወይዘሮ አስካለ እድር ሲሄዱ እንኳ ሴቶቹ «የተወካዩ ሚስት፣ ወዲህ ጠጋ በይ» ይሏቸዋል። አቶ ሽበሺ በዚህች ምድር ላይ የሚመኙት ይህች ቃል ተፍቃ ማየት ብቻ ነበር። አሁን ደግሞ የዓመቱ የአፈጻጸም ግምገማ ደረሰ። ሪፖርቱ ካማረ ተወካይነቱ ይቀርላቸዋል፤ ካላማረ እስከ ጡረታ ተወካይ፣ ሲሞቱም ተወካይ ሟች ሆነው መቀበራቸው ነው።

ሪፖርቱ የሚዘጋጅበት መንገድ ለሌላው ዓለም ምሳሌ የሚሆን ነበር። ቅርንጫፎች የነዋሪውን ቅሬታ ኤክስል ላይ ይሞላሉ፤ ፕሪንት ያደርጉታል፤ ማኅተም ይመቱበትና በባጃጅ ወደ ዋናው ቢሮ ይልኩታል። ዋናው ቢሮ ደግሞ ወረቀቱን እያየ እንደገና ኤክስል ላይ ይጽፈዋል። ይህ አሠራር «ዲጂታል» ይባል ነበር። ውሃ ጠፋብኝ ያለ ሰው ቅሬታው ሪፖርት ውስጥ እስኪገባ ድረስ ውሃው መጥቶ፣ ተመልሶ ጠፍቶ፣ ሰውየውም ቤት ቀይሮ ይሄዳል።

በዚህ መሃል ኢየሩስ የምትባል የኮምፒውተር ባለሙያ ተቀጠረች። ልጅቷ መሥሪያ ቤት ስላልለመደች ሥራ የሚያልቅ ይመስላታል።

«አቶ ሽበሺ፣ ይሄን እኮ ፕሮግራም ይሠራዋል» አለቻቸው። «የኤክስል ፋይል ከፍቶ የሚያነብ፣ አንብቦም አዲስ ኤክስል የሚጽፍ ላይብረሪ አለ። እኔ ትንሽ ነገር ብቻ ነው የምጨምርበት። የቅርንጫፎቹን ፋይል ሁሉ ደምሮ ሻይዎን ሳይጨርሱ ሪፖርቱን ያወጣልዎታል።»

«ላይብረሪ ስትዪ?»

«ሌሎች ፕሮግራመሮች ጽፈው የጨረሱት ኮድ ነው። ሰው ሁሉ ከባዶ እንዳይጀምር ብለው ለቀውታል፤ ወስደን መጠቀም ነው።»

«በስንት?»

«በነፃ።»

አቶ ሽበሺ መነጽራቸውን አወለቁ። «የማያውቁን ሰዎች፣ የእኛን ሪፖርት፣ በነፃ? ምን አድርገንላቸው ነው?»

ነገሩ ለንብረት ክፍል ኃላፊዋ ለወይዘሮ ሙሉጌጥ ተነገረ። ወይዘሮ ሙሉጌጥ ደግሞ የንብረት ገቢ ደረሰኝ ያልተቆረጠለትን ነገር አለ ብለው የማይቀበሉ ሴት ናቸው።

«ገቢ ሳይሆን ኮምፒውተሬ ውስጥ አይገባም!» አሉ። «ክብደቱ ስንት ነው?»

«አይመዘንም፣ እትዬ።»

«መልኩስ?»

«መልክ የለውም።»

«እንዴ! ታዲያ ቢጠፋ ምን የሚመስል ነገር ጠፋኝ ብዬ ነው የማመለክተው?»

ኢየሩስን ሳቅ አፍኗት ነበር፤ ግን የሙከራ ጊዜዋ ስላላለቀ ዋጠችው። ከረጅም ውይይት በኋላ ላይብረሪው «አንድ ዕቃ፣ የማይታይ፣ ያገለገለ» ተብሎ ገቢ ሆነ። የንብረት ቁጥሩ የሚለጠፍበት ቦታ ስለታጣም ኢየሩስ ወንበር ላይ ተለጠፈ። እንግዲህ ንገሩኝ፣ እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ባለበት አገር ሌባ በምን ወኔው ይሰርቃል?

ፕሮግራሙ ተሠርቶ አለቀ። ኢየሩስ የለመነችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ቅርንጫፎች ቁጥሩን ኤክስሉ ውስጥ ሞልተው ፋይሉን እንዳለ በኢሜይል ይላኩ። አቶ ሽበሺ ትእዛዙን አስጽፈው ሊፈርሙ ብዕር አነሱና መልሰው አስቀመጡት።

«እና ማኅተሙ የት ነው የሚያርፈው?»

«ማኅተም አያስፈልገውም። ፕሮግራሙ የሚያነበው የሠንጠረዡ ሳጥኖች ውስጥ የተጻፈውን ነው።»

«ልጄ፣ ማኅተም የሌለው ቁጥር ምኑን ቁጥር ሆነ? ወሬ ነው እንጂ!»

ልጅቷ ስትወጣ ጠብቀው በገዛ እጃቸው አንዲት መስመር ጨመሩ፤ «ሆኖም ማኅተም ያላረፈበት ኤክስል ተቀባይነት የሌለው መሆኑን በጥብቅ እናሳስባለን።» ደብዳቤው ለሚመለከተውም ለማይመለከተውም ግልባጭ ተደረገ። ለኢየሩስ ብቻ ተረሳ።

የቅርንጫፎቹ ታዛዥነት በእውነቱ እንባ ያስመጣል። ማኅተም ኮምፒውተር ላይ አይመታም፤ አንዱ ታታሪ ሞክሮ እስክሪኑን ሐምራዊ አድርጎታል። የቀሩት ግን ዘዴ አላጡም። ሠንጠረዡን ፕሪንት አደረጉ፤ ማኅተም መቱበት፤ በስልክ ፎቶ አነሱት፤ ፎቶውን ባዶ የኤክስል ገጽ ላይ ለጠፉና ላኩት። ኤክስል ነው? ነው። ማኅተም አለው? አለው፣ ያውም ክብ፣ ደማቅ። በአንደኛው ፎቶ ጥግ ላይ የፎቶ አንሺው አውራ ጣት ሳይቀር ወጥቷል።

ይህን ያህል የተደከመበት ሪፖርት በጓዳ አይወጣም ተባለና ምረቃ ተዘጋጀ። የግምገማ ኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ኢዮስያስ ከነአባሎቻቸው ተጋበዙ። ላፕቶፑ ዙሪያውን በሪባን ታሰረ፤ መቀሱ በሳህን ቀረበ። አቶ ሽበሺ «መሥሪያ ቤታችን ከመረጃ ማነቆ ወደ መረጃ ልዕልና በተሸጋገረበት በዚህ ታሪካዊ ዕለት» ብለው የጀመሩት ንግግር ከመጥለቁና ከመርቀቁ የተነሣ ላፕቶፑ እንቅልፍ ወስዶት ኢየሩስ ነካ ነካ አድርጋ ቀሰቀሰችው። ሪባኑ ተቆረጠ። ኢየሩስ ቁልፏን ተጫነች።

ፕሮግራሙ ፋይሎቹን አንድ በአንድ ከፈተ፤ ሳጥኖቹን አየ፤ በሳጥኖቹ ውስጥ ምንም አላገኘም። ማኅተም ደግሞ አያውቅም፤ በሰው አገር የተጻፈ ነው፣ አይፈረድበትም። ያየውን በቅንነት፣ በፕሮጀክተሩ በኩል ግድግዳው ላይ ጻፈው። ውሃ ዜሮ። መብራት ዜሮ። መንገድ ዜሮ። ጠቅላላ ቅሬታ ዜሮ።

ኢየሩስ ክው አለች። አቶ ኢዮስያስ ቀስ ብለው ከወንበራቸው ተነሡ።

«ከተማው በሙሉ… አንድም ቅሬታ የለም?» አሉ፤ እጆቻቸውንም አጨበጨቡ። አዳራሹ ተከተላቸው። ወይዘሮ ሙሉጌጥ እልልታውን አቀለጡት።

ኢየሩስ ወደ አቶ ሽበሺ ጆሮ ጠጋ አለች። «ባዶ እኮ ነው! የላኩት ፎቶ ነው። ዜሮ ማለት ቅሬታ የለም ማለት አይደለም፣ ፕሮግራሙ ያነበበው ነገር የለም ማለት ነው። ይንገሯቸው!»

አቶ ሽበሺ ነገሩ ወዲያው ገባቸው። ጠዋት ሲገቡ በራቸው ላይ የተሰለፈውን ሕዝብ በክርናቸው እየገፉ ነው ያለፉት፤ ዜሮ አለመሆኑን ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። እውነቱን ሊናገሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ቀና ሲሉ ግን አቶ ኢዮስያስ እያጨበጨቡላቸው ነው፤ በዕድሜያቸው እንዲህ የተጨበጨበላቸው በሠርጋቸው ዕለት ብቻ ነበር። ደስታ እንደ ሕፃን አፍነከነካቸው።

«ዝም በይ ልጄ» አሉ በጥርሳቸው መሃል። «እንግዳ ፊት ባዶ አይባልም።»

ሪፖርቱን እዚያው ፈረሙበት፤ ማኅተሙንም ጠረጴዛው እስኪንቀጠቀጥ መቱበት። ከዚያ ሁሉም ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል ወርዶ ዓሣ ተጋበዘ። የበርበሬ ማጥቀሻውን ቀምሶ «ዳጣው አነሰ» ያለ የኮሚቴ አባል «ተው እንጂ፣ ዛሬ እኮ ቅሬታ የለም!» ተባለና ሳቁ ሐይቁ ዳር ያሉትን ትልልቅ ወፎች፣ አባ ኮዳዎቹን አስበረገገ።

የሹመቱ ደብዳቤ ሳይውል ሳያድር መጣ። አቶ ሽበሺ ከተወካይነት ወደ ሙሉ ኃላፊነት! ቀለም ቀቢ ይጠራ ሲባል እምቢ ብለው ቃሏን ራሳቸው በቢላ ፋቋት፤ የመጨረሻዋ ፊደል ስትረግፍ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ወይዘሮ አስካለም እድራቸው ላይ በመጀመሪያው ረድፍ ተቀመጡ።

ሆኖም ሰብሳቢው የማያስቡ ሰው አልነበሩም፤ እንዲያውም አስበው ኖሯል። ሁለተኛው ደብዳቤ እንዲህ ይላል፤ «ቅሬታ በሌለበት ከተማ ቅሬታ ሰሚ ማቆየት የሀብት ብክነት መሆኑ ስለታመነበት መሥሪያ ቤቱ ከዛሬ ጀምሮ ተዘግቷል። ዜሮውን ያስገኘው ፕሮግራም ዕውቅና ተሰጥቶት ከነባለሙያዋ ወደ እኛ ተዛውሯል። ሙሉ ኃላፊው ላደረጉት አስተዋጽኦ ምስጋናችን የላቀ ነው።»

በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ! አቶ ሽበሺ ባጃጅ ኮንትራት ይዘው አቶ ኢዮስያስ ቢሮ ገቡ።

«ጌታዬ፣ ስህተት ነው! ቅሬታ አለ። ሞልቷል! ከቢሮዬ በር እስከ አስፋልቱ ተሰልፏል!»

«ሪፖርቱ የለም ይላል።»

«ሪፖርቱ ውሸት ነው!»

አቶ ኢዮስያስ ወረቀቱን አውጥተው ዘረጉት። «ይሄ ፊርማ የማን ነው?»

«የኔ።»

«ማኅተምስ የለበትም?»

«አለበት።»

«ታዲያ እንዴት ማኅተም ያረፈበትን ነገር ውሸት ይላሉ? እርስዎ እንኳ!»

አቶ ሽበሺ ጎንበስ ብለው ማኅተሙን አዩት፤ ክብ ነው፣ ደማቅ ነው። ክርክሩ ደግሞ ዕድሜ ልካቸውን ያመኑበት ነው።

«በመዘጋቱ ቅር ካለዎት ግን መብትዎ ነው» አሉ አቶ ኢዮስያስ ለዘብ ብለው። «ቅሬታ አሁን በኤክስል ይላካል፤ ፕሮግራሙ አንብቦ ወዲያው ይመልሳል።»

ኮሪደሩ ላይ ኢየሩስ አገኘቻቸው። ባዛኝ ዓይን አየቻቸውና አንድ ጥግ ወሰደቻቸው።

«ጋሼ፣ እኔ አሁን እዚህ ነኝ፤ አይዞዎት። ቅሬታዎን ሳጥኑ ውስጥ ዝም ብለው ይጻፉት። ከደረሰ ኮሚቴው ፊት ይቀርባል፣ ስለዚያ ሁሉ ሰልፍም ይነግሯቸዋል። ማኅተም፣ ፎቶ፣ ምናምን የለም። እሺ?»

«እሺ፣ እሺ።»

«ይማሉልኝ።»

«ኢየሩስ ሙች!»

ከዚያ ቢሯቸው ተመልሰው ተቀመጡና ጻፉ። ጥሩ አድርገው ጻፉት፤ ሰልፉን፣ የጠፋውን ውሃ፣ የራሳቸውን ጥፋት ሳይቀር፣ ሁሉንም። ሊልኩት ጣታቸውን አነሱ። አልቻሉም። ራቁታቸውን አደባባይ የሚወጡ መሰላቸው። ተነሥተው የተዘጋውን መሥሪያ ቤት ንብረት እያስረከቡ ወዳሉት ወደ ወይዘሮ ሙሉጌጥ ሄዱ።

«ሙሉዬ፣ ማኅተሙን ለአንድ አፍታ ብቻ።»

«ተመላሽ ብዬ መዝግቤዋለሁ እኮ! ኢየሩስስ አያስፈልግም አላለችዎትም?»

«እሷ ልጅ ናት። ያለ ማኅተም ማን ያምነኛል?»

ወይዘሮ ሙሉጌጥ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አሉ» እያሉ አወጡላቸው፤ ላለቀው ቀለምም አስፈረሟቸው። አቶ ሽበሺ ቅሬታቸውን ፕሪንት አደረጉ፤ ማኅተም መቱበት፤ ፎቶ አነሱት፤ ኤክስል ላይ ለጠፉት፤ ላኩት። ልባቸው ሞላ።

ስልካቸውን ኪሳቸው ሳይከቱ መልሱ ከተፍ አለ፤ «ከእርስዎ የቀረበ ቅሬታ፦ ዜሮ። ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን።»

ወይዘሮ ሙሉጌጥ በትከሻቸው አሻግረው አነበቡትና ደነገጡ። «ውይ በሞትኩት! አለቀ በቃ!»

አቶ ሽበሺ ግን ስልኩን ወደ ብርሃን አዞሩት፤ ወደ ላይ አዩት፤ ወደ ታች አዩት፤ ፊታቸው ቀስ በቀስ ፈካ።

«አላለቀም፣ ሙሉዬ!» አሉ እፎይ ብለው። «ማኅተም የለውም እኮ። ገና አልመለሱልኝም ማለት ነው።»

ወንበራቸውን ወደ በሩ አዙረው፣ እግራቸውን አነባብረው፣ መልስ ሊጠብቁ ተቀመጡ።