በጋዜጣ የወጣችው በቅሎ

ከተማና ሚዳቋ የሚጠፉት ሲታዩ ነው። የታየች ሚዳቋ ምን እንደሚገጥማት ታውቃላችሁ። ስለታየች ከተማ ግን የምነግራችሁ እኔ ነኝ... ያሳየኋት እኔ ነኛ!

ነገሩ የተነሳው ባለፈው እሑድ የዕድራችን ስብሰባ ላይ ነው። የድንኳኑና የወንበሩ ጉዳይ ካለቀ በኋላ አንድ አስተማሪ ብድግ ብሎ፣ “ደብረ ማርቆስን የሚያህል ትልቅ ከተማ ብሔራዊው ሬዲዮና ቴሌቪዥን በዓመት ስንት ጊዜ ነው የሚያነሷት?” አለ። ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። “የአየር ጠባይ ሲናገሩ እንኳ ይዘሉናል! ዝናቡ እኛ ላይ ሲዘንብ ዝናብ አይደለም እንዴ?” ጭብጨባው ድንኳኑን ሊነቅለው ምንም አልቀረው።

ለካ ለሬዲዮው የሚላከውን ማመልከቻ አዘጋጅቶ ኖሯል። ሁለት ገጽ ሙሉ ያለን ነገር ሁሉ ተደርድሮበታል፤ ማራችን፣ ውኃችን፣ ከብታችን፣ ጤፋችን። በዕድሜ የገፉት ቀድመው ይፈርሙ ተባለና ወረቀቱ እኔ ጉልበት ላይ ዐረፈ። ያን ጊዜ ግራ ጉልበቴን ውግት አደረገኝ። ብርድ እንዳይመስላችሁ። ጋዜጣ ነው።

ጣሊያን ማርቆስ ገብቶ ምሽጉን የሠራ ሰሞን ነው። ገጠሩ ገና እያጉረመረመ፣ ጎበዙ አንድ አንድ እያለ ጫካ የሚገባበት ጊዜ። እኔ ደግሞ ከቅኔ ቤት የወጣሁ ጎረምሳ ነበርሁ። “ተመርቆ የወጣ” አላልሁም፤ “የወጣ” ነው ያልሁት። የቅኔ መጀመሪያዋ ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ናት። እኔ የመጀመሪያውን ቤት ገጥሜ ሁለተኛውን ሳስብ ሦስት ዓመት አለፈ። መምህሬም፣ “ልጄ፣ የቀረውን እቤትህ ሆነህ አስብበት” ብለው ሸኙኝ። እስካሁን እያሰብሁበት ነው።

ከዚያ ወዲያ ገበያ ዳር ተቀምጬ ለሰው ደብዳቤና ማመልከቻ እጽፍ ነበር። በዚያ ላይ ሚስት እየጠየቅሁ ነው። ልጅቱ አለምነሽ ትባላለች፤ የደብረ ኤልያሱ የባላምባራስ ደሴ ልጅ። ሽማግሌ ልኬ ባላምባራስ፣ “ልጁ ምን አለው?” ብለው ቢጠይቁ ሽማግሌዎቹ ጨነቃቸውና፣ “የመቃ ብዕር አለው” አሉ።

“መቃማ እኔም ወንዜ ዳር ሞልቶኛል” አሉ ባላምባራስ። ነገሩ በዚያው ቆመ።

እንግዲህ ጣሊያን አዲስ አበባ ላይ በአማርኛ የሚያሳትመው ጋዜጣ ነበር። በጭነት መኪና ሲንገላታ ሰንብቶ ይደርሰናል። እኔ እመት ጥሩነሽ ጠጅ ቤት እወስደውና ጮክ ብዬ አነበዋለሁ። መቼም ወሬው ሁሉ የነሱው ውዳሴ ነው፤ ማንም አያምነውም። ነገር ግን ማንም የማያምነው ጋዜጣ የኛን ከተማ አያነሳም። ይኸ ደግሞ አንገበገበን!

“ጎንደር አሁንም ወጣች?” ይላል አንዱ።

“ወጥታለች።”

“ምን ተባለች?”

“ሰላም ናት ተባለች።”

“እኛስ ሰላም አይደለንም?”

“ጅማም ወጥታለች” ስለው ብርሌውን ጠረጴዛው ላይ ደነቀረው።

እመት ጥሩነሽ ማንቆርቆሪያዋን እንደያዘች ቆማ ሰማችንና፣ “ጅብ ስሜን አልጠራኝም ብላ የምታኮርፍ አህያ ዛሬ ገና አየሁ!” አለችን። ሁላችንም ሳቅን። አህያዎች ነበርንና አልገባንም።

እኔ ግን ስቄ አልተውሁትም። የኛን አገር ሰው ታውቁት የለ? ጎተራው ሞልቶ ክዳኑ አልገጥም ያለውን ገበሬ “ምርት እንዴት ነው?” ብትሉት፣ “እንዲያው ለዘር ያህል... ተመስገን ነው” ይላችኋል። ላሙ መንታ የወለደችለት፣ “አለች፣ ትተነፍሳለች” ይላል። ከብት አይቆጠርም፣ ልጅ ፊት ለፊት አይመሰገንም። ያለውን ያወራ ዓይን ያርፍበታላ! ይህን ሕግ ከእናቴ ጡት ጋር ጠብቼዋለሁ። ብዕር ስይዝ ግን የጠባሁት ሁሉ ጠፋብኝ። ጋዜጣ ላይ ስሜ ከወጣ ባላምባራስ መቃ የሚሉትን ነገር ይተዋሉ ብዬ አስቤ ነበር።

ጻፍሁ። ስለ ማራችን ጻፍሁ፤ ስለ ውኃችን ጻፍሁ፤ ስለ ካህናቱ ዜማ አንድ ገጽ ሙሉ ጻፍሁ፤ እሷ ላይ እንባዬም መጥቶ ነበር። መጨረሻ ላይ ለማሳመሪያ ያህል ስለ በቅሎዎቻችን ጨመርሁበት። “በተለይም አጎቴ አያ ተገኘ ቤት ያለችው ዳማ በቅሎ፣ አንድ ሰው እስከ አፉ የተሞላ ብርሌ ጠጅ ይዞ ቢቀመጥባት ጠብታ አታፈስም” አልሁ። ሌላ ሰው ጻፍሁት እንዳይል ስሜን ከነአባቴ ከነአያቴ አስፍሬ በነጋዴ እጅ ላክሁት።

ወራት አልፈው ወጣ! ጠጅ ቤቱ ግጥም ብሎ እንደሞላ ገለጥሁት። ማሩ የለም። ውኃው የለም። ዜማው፣ ያ ያለቀስሁበት ዜማ፣ አንድ ቃል አልቀረለትም። የቀሩት በቅሎዎቹና ስሜ ብቻ ናቸው። ቅር አለኝ? አላለኝም! ስሜን ሦስት ጊዜ አነበብሁት፤ ሰውም ሦስት ጊዜ አጨበጨበ። እመት ጥሩነሽ ብቻ አላጨበጨበችም። “ማሩን ትተው በቅሎውን ለምን ያዙት?” አለች። የጠየቀችው ጥያቄ ለጋዜጠኛ ትምህርት ቤት የሚበቃ ነው፤ እኛ ግን ጠጅ ጨምሪ አልናት።

ወሬው ደብረ ኤልያስ ደረሰ። ባላምባራስ መልክተኛ ላኩ። “በጋዜጣ በወጣችው በቅሎ ከወሰዳት ልጄን እሰጣለሁ። በቅሎዋን ግን አስቀድሜ መጥቼ አያታለሁ።” ሰርጉ ጾም ከመያዙ በፊት ባለችው የመጨረሻ እሑድ እንዲሆን ተቆረጠ። እሷ ካለፈች እስከ ፋሲካ መጠበቅ ነው፤ ባላምባራስ ደግሞ እስከ ፋሲካ አሳባቸውን የማይለውጡ ሰው አይደሉም።

እሑዷ ሦስት ቀን ሲቀራት፣ ሐሙስ ማለዳ ጥሩንባ ተነፋ። የጣሊያን ሹም፣ አስተርጓሚና ወታደሮች ከአዲስ አበባ መንገድ መጡ። በቅሎ ያለው ሁሉ ወደ ገበያው ሜዳ ያውጣ ተባለ። ሹሙ በእጁ የጠቀለለው ነገር ነበረው። አንባቢዎቼ፣ ምን እንደነበር አትጠይቁኝ።

ባንድ ሰዓት ውስጥ ማርቆስ በቅሎ አልባ ሆነች። አንዱ በቅሎውን እልፍኝ አስገብቶ፣ ጋቢ አልብሶ፣ “እናቴ ታማብኝ ነው” አለ ይባላል። ይህን በዓይኔ አላየሁም፤ እናቱን ግን ቀደም ብለን ቀብረናታል። የኛዋን ዳማ መደበቅ አልተቻለም፤ ያለችበት ቤት በስሙ ተጽፏላ!

አያ ተገኘ በረት ውስጥ ሆኖ አየኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። “እነዚህ በቅሎዎች መትረየስ ተጭነው ወዴት እንደሚሄዱ ታውቃለህ?” አለኝ።

“አላውቅም፣ አያ።”

“ጫካ የገቡት ልጆች ወዳሉበት ነው። አብረውህ ፊደል የቆጠሩት።”

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። የብዕር ወለምታማ ስሙም አልወጣለት።

አያ ተገኘ የበቅሎዋን ሆድ ጭቃ ቀባ፤ ከፊት እግሯ ኮቴ በላይ፣ ጠጉሩ ውስጥ፣ ክር አሰረ። ዳማዋ ሁለት እርምጃ ሄደችና አነከሰች። “እኔ እሷን አሳንክሻለሁ፤ አንተ ደግሞ ጽሑፍህን አሳንክስ” አለኝ።

ሜዳው ላይ ስንደርስ ከፊት ረድፍ ከዘራቸውን ተደግፈው የቆሙ ሰው አየሁ። ባላምባራስ ደሴ! በቅሎዋን ለማየት የመረጡት ቀን ይኸው ነው።

አስተርጓሚው ጋዜጣውን ዘርግቶ፣ “ስሙን ከነአያቱ የጻፈው የታለ?” አለ። ሰው ሁሉ ለእኔ መንገድ ለቀቀ። እንዲህ ተከብሬ አላውቅም።

“ይህን የጻፍኸው አንተ ነህ?”

“ነኝ፣ ጌታዬ።”

“ዳማዋ በቅሎ ይቺ ናት?”

“ይቺ ናት። ግን... ውሸቴን ነው።”

“የቱ ነው ውሸቱ?”

“ሁሉም።”

“ጠብታ አታፈስም ያልኸው?”

“ስትቆም እንኳ ታፈሳለች፣ ጌታዬ። ማሩ ብቻ ነበር እውነት፤ እሱን ደግሞ ቆረጡት።”

አዎን፣ በዚያ ሰዓት እንኳ ስለ ማሩ ነገርኋቸው። ጸሐፊ አይድንም።

ባላምባራስ አልተንቀሳቀሱም። ከዘራቸው ብቻ መሬቱን ጠቅ ጠቅ ያደርጋል። ሹሙ ለአስተርጓሚው አንሾካሾከና ትእዛዝ ወጣ፤ አንድ ብርሌ ጠጅ ይምጣና እኔው ተቀምጬባት ሜዳውን ልዙር! እመት ጥሩነሽ ብርሌውን እስከ አፉ ሞልታ አቀበለችኝና፣ “እንደ ጽሑፍህ አያድርግልህ” አለችኝ በቀስታ።

ወጣሁ። ዳማዋ ሦስት እርምጃ አነከሰች። አራተኛው ላይ ያን ሁሉ ሕዝብ አየችና ማንከሷን ረሳችው! አንገቷን ሰበቀች፣ መስገር ጀመረች። በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት አጎቴ ፈረስ ነው አለች ይባላል፤ ያን ቀን ግን የቅርብ ዘመዷ እኔ ነበርሁ። ሰው ሲያያት አትችልም። ጠጁን ብመለከተው እንደ ተኛ ሕፃን ዝም ብሏል። አንዲት ጠብታ የለችም። ሹሙ ፈገግ አለ። ወታደሩ ማሰሪያ ገመዱን ከትከሻው አወረደ።

እጄን ባንቀጠቅጥ ይታወቃል። ካላፈሰስሁ ዳማዋ ሄደች፤ እሷን ተከትለው የተደበቁት ሁሉ ተፈልገው ይወጣሉ። ብወድቅ ደግሞ አማቼ ሊሆኑ ያሉት ሰው ፊት ነው። በኛ አገር ከሰጋር በቅሎ የወደቀ ሙሽራ ሚስት ቀርቶ የሠርግ ጥሪ አያገኝም። አለምነሽን አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም ከሩቅ፣ ደብረ ኤልያስ ገበያ ላይ አይቻታለሁ። ያቺን አንዲት ጊዜ እያሰብሁ በባላምባራስ ፊት ለፊት ደረስሁ።

ወደቅሁ።

እንዲያው አልወደቅሁም፤ ቦታ መርጬ ነው። ከብቶች ውኃ ሲጠጡ ያጨቀዩትን ስፍራ አነጣጠርሁ። ጭቃው ውስጥ ድንጋይ መኖሩን የነገረኝ ግራ ጉልበቴ ነው። ጠጁ አናቴ ላይ ተገለበጠ። ዳማዋ ዞራ አየችኝና፣ አፍራብኝ መሰለኝ፣ ፊቷን መለሰች።

ወታደሮቹ በሳቅ ፈረሱ። ሹሙ ጋዜጣውን ጨመደደና ተናገረ። አስተርጓሚው ጮክ ብሎ፣ “ይህ ከተማ በቅሎ የለውም፤ ያለው ውሸታም ብቻ ነው ብለዋል!” አለ።

“እውነታቸውን ነው!” አለ ሕዝቡ ባንድ አፍ። ማርቆስ በእኔ ጉዳይ እንዲህ የተስማማችበት ቀን ከዚያ በፊትም በኋላም የለም። ጣሊያኖቹም የተመረጠችዋ ይቺ ከሆነች የተረፉት ምን ሊሆኑ ነው ብለው ነው መሰል፣ ያገኙትን ትተው ሄዱ።

ባላምባራስ ቀስ ብለው ወደ ጭቃው መጡ።

“ተነሳ።”

“ጉልበቴ አልታዘዝ አለኝ፣ ጌታዬ።”

“በቅሎዋ አልጣለችህም።”

“አዎን... አልጣለችኝም።”

“ክሩንም አይቻለሁ። በቅሎ ሰውን ስትጥል ብዙ አይቻለሁ፤ በቅሎ ለማዳን ሰው ራሱን ሲጥል ግን የዛሬው የመጀመሪያዬ ነው።” ከዘራቸውን ከጭቃው ነቅለው፣ “እሑድ ኑ” አሉኝ። ወዲያው የከዘራቸውን ጫፍ ደረቴ ላይ አሳረፉት። “ሰርጉን ጋዜጣ ላይ ካወጣኸው ግን ልጄን በዚያችው በቅሎ አስመልሳለሁ!”

እሑድ አለምነሽ በዳማዋ ላይ ሆና ማርቆስ ገባች። በቅሎዋ ትሰግራለች፤ ከጎኗ እያነከሰ የሚሄደው ሙሽራው ነው። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች ይባል የለ? እኔም እስካሁን ባሳጠርሁት ገመድ አለሁ።

እና ወደ ስብሰባው ልመልሳችሁ። ወረቀቱ ጉልበቴ ላይ ነው። አስተማሪው ብዕር ዘርግቶልኛል። ከተማችን አትነሳ ማለቴ አይደለም። ድልድያችን ሲሰበር፣ ሐኪም ቤታችን መድኃኒት ሲያጣ ሬዲዮ ሆይ ጩኽልን እላለሁ። የጎደለንን ይንገሩልን እንጂ ያለንን አይቁጠሩብን! ከሩቅ ሆኖ የሚያነብባችሁ ሰው ምን ፈልጎ እንደሚያነብባችሁ አታውቁም። እናንተም “ለምን በብዕር ስም ትጽፋለህ?” እያላችሁ የምታደርቁኝ፣ መልሱ ይኸው ነው።

ይህን ሁሉ ለአስተማሪው አልነገርሁትም። ማመልከቻው ላይ ያለውን “ጤፋችን ሞልቶ የተረፈ ነው” የሚለውን ብቻ ዞር ሲልልኝ ሰርዤ “ለዘር ያህል” አልሁበት። ከዚያ ብዕሩን መለስሁለት፤ በስሜ ፋንታ አውራ ጣቴን የዕድሩ ማኅተም ቀለም ውስጥ ነክሬ አተምሁ።

አስተማሪው ግራ ገብቶት ወደ አለምነሽ ዞረ። “እማማ፣ ጋሼ መጻፍ አይችሉም እንዴ?”

ሚስቴ ከሴቶቹ መደዳ ሆና ነጠላዋን አስተካከለች።

“ድሮ ይችል ነበር፣ ልጄ” አለችው። “ከበቅሎ ሲወድቅ ተወው።”