ከስልጠና የተመለሱት መምህር ጁነይድ

ከስልጠና የተመለሰ ሰው የሌለበት ቀበሌ ያለ አይመስለኝም። ልሳሳት እችላለሁ፤ ከከተማችን ከመርሳ ወዲያ ብዙ አገር አላየሁም። ግን እንዲህ ያለው ሰው በአንገቱ ባጅ፣ በትከሻው አዲስ ቦርሳ አንጠልጥሎ ከመኪና ሲወርድ ወዲያው ይታወቃል። ሲሄድ እንደኛው የነበረው ሲመለስ "ግብዓት" ይላል፣ "አቅጣጫ" ይላል። ሻይ እንኳ "አሳታፊ በሆነ መንገድ" ያዝዛል።

የኛው ክቡር መምህር ጁነይድ ወልድያ የቆዩት አምስት ቀን ነው። ባጁን ግን ሦስት ሳምንት አላወለቁትም።

እኛ የጎልማሶች ክፍል ነን። ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት፣ ልጆቹ ሲለቀቁ፣ ለነሱ በተሠራው ዴስክ ላይ ጉልበታችንን አጥፈን እንቀመጣለን። ዘጠና አራት ነን። እኔ መናኸሪያው በር ላይ ማንጎ የምሸጠው ነሲባ ነኝ፤ ቦታዬ መጨረሻው ረድፍ፣ ከግድግዳው ጥግ ነው። ሁለት ዓመት ስማር አንድ ቀን እጄን አላወጣሁም። ፊደሉን አንድ በአንድ አውቀዋለሁ፤ ተሰልፎ ሲመጣ ግን ይጠፋብኛል። ይህን ከኔ በቀር የሚያውቅ የለም እል ነበር። ከታወቀ ደግሞ ከዚያች ክፍል ዳግም ላልገባ ቆርጬ ነበር።

መምህር እንደተመለሱ መጀመሪያ "ማነቃቂያ" ብለው ሁላችንንም አስነሥተው አስጨበጨቡን። ሐጂ አብዱልሐሊም፣ ሰባን ያለፉት፣ እያጨበጨቡ "ልጄ፣ ማን አገባ?" አሉ።

ቀጥሎ ለያንዳንዳችን ወረቀት ታደለን። ጥቁርና ነጭ ዥንጉርጉር ምልክት ታትሞበታል፤ በአራቱ ጎን ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ተጽፏል። ጥያቄ ሲመጣ መልስህን ወደ ላይ አዙረህ ወረቀቱን ከፍ ማድረግ ነው። መምህር ስልካቸውን ከዳር እስከ ዳር ሲያዞሩት ስልኩ የሁላችንንም መልስ በየስማችን ይለቅማል፤ ያወቀው አረንጓዴ፣ የሳተው ቀይ።

"ከዛሬ ጀምሮ ጥግ የሚባል ነገር የለም" አሉ መምህር። "ሁሉም ይሳተፋል። ቴክኖሎጂ አይዋሽም።"

እኔ ጥጌን ወድጄው ነበር።

የመጀመሪያው ጥያቄ ሲመጣ ዘጠና ሦስታችን ሐጂን አየን። ሽማግሌ ከቆረጠ በኋላ ሌላ ማለት ነውር ነው። የሐጂ ወረቀት ጥቁሩ በግራ በኩል ስለሆነ እኛም የየራሳችንን ጥቁር ወደ ግራ አዞርን። ሁላችንም ተስማምተን ተቀመጥን። ስልኩ ግን ሩቡ ሀ፣ ሩቡ ለ፣ የቀረውም እንዲሁ ነው አለ። መምህር ስልኩን አዩ፣ እኛን አዩ፣ ግራ ተጋቡ።

በመጨረሻ ገባቸው። "የሁላችሁም ምልክት ይለያያል" አሉ። "ኩረጃ እንዳይኖር ነው።"

"ሽማግሌን መከተል ኩረጃ ሆነ?" አሉ ሐጂ።

መምህር የስልጠናውን ደብተር አገላበጡ። "ይኸ ነጥብ እዚያ አልተነሣም፣ አባባ ሐጂ" አሉ።

ከዚያ ወዲያ ብቻዬን ቀረሁ። ወረቀቱን እንደመጣልኝ አዞራለሁ። የሚገርመው፣ እኔ ካነሣሁ በኋላ ሁልጊዜ ያ ስልክ ይታመማል። "እንቢ አለኝ፤ ብርሃን አነሰው መሰለኝ" ይላሉ መምህር። "ጥያቄውን ቀስ ብዬ ላንብበው፣ ደግማችሁ አንሡ።" ያነባሉ፣ በጣታቸው ቃሉን እየተከተሉ፣ ፊደል በፊደል። አንዳንዴ ሦስቴ።

አጠገቤ የምትቀመጠው ጽገረዳ ሰለቻት። "መምህር፣ ስልኩም እንደኛ ጎልማሳ ሆኗል፤ መነጽር ይግዙለት" አለቻቸው። ክፍሉ ሳቀ። መምህርም ሳቁ። እኔ ብቻ ግራ ገባኝ። ከኪሳቸው ሲያወጡት እንደ ልጃቸው በመሐረብ የሚጠርጉት ስልክ እንዴት እንዲህ ይሰንፋል?

አንድ ሐሙስ ከትምህርት ጽሕፈት ቤት እንግዶች መጡ። ወሬው ቀድሞ ደርሶናል፦ ዘዴው ከሠራ መምህር ጁነይድ ወልድያ ተመልሰው አሠልጣኝ ይሆናሉ። እንግዶቹ መጨረሻውን ረድፍ ስለያዙት እኛ ወደ ፊት ተገፋን። እኔ ከመምህር ክንድ ሥር፣ ስልኩ በሚታየኝ ቦታ ተቀመጥኩ።

መምህር ሳምንቱን ሙሉ ያለማመዱንን ጥያቄ መረጡ። ስንለማመድ ሰሌዳው ላይ ከሀ እስከ መ ጎመን፣ ጎተራ፣ ጎማ፣ ጎረቤት ተብሎ ይጻፍ ነበር፤ "ጎረቤት" የሚለው የቱ ነው? እኔ መልሱን ይዤዋለሁ፤ "መ" ነው። የያዝኩት ግን ቃሉን ሳይሆን ቦታውን ነበር። የዛን ቀን መምህር ቦታውን ቀያይረውት ኖሯል።

"መ"ን አነሣሁ። ስልኩ ዞረ። አረንጓዴ፣ አረንጓዴ፣ አረንጓዴ። አንድ ቀይ። ሌላው ቃል ቢጠፋብኝም ስሜን አልስተውም። ቀዩ ላይ "ነሲባ" ይላል።

ወይዘሮ መስከረም የሚባሉት እንግዳ ከኋላ ብድግ አሉ። "ድንቅ ነው። እንግዲህ ጥቅሙ ይኸ አይደል? ከዘጠና ሰው መሃል ወደ ኋላ የቀረውን አንዱን ማግኘት። ስንት ሳቱ? እነማን ናቸው?"

መምህር ወደኔ አላዩም። ስልኩን ወደ ደረታቸው አስጠጉት።

"የሳተ የለም" አሉ። "አንድ ቀይ አሳይቶኛል፤ ግን ስልኩ ነው። ይዋሻል አንዳንዴ።"

"ብዙ ጊዜ?"

"ሁልጊዜ" አሉ መምህር ጁነይድ።

ወይዘሮ መስከረም ረዘም አድርገው ጻፉ። ወልድያም ለአሠልጣኝነት ሌላ ሰው ጠራች።

ያን ቀን ማንጎዬን እያሰናዳሁ ስቆጥር፣ ስልኩ አንድም ቀን ታሞ እንደማያውቅ ገባኝ። አሁን መናኸሪያው ላይ "ያ ባጅ ያለው መምህራችሁ፣ ስልኩ አዋረደው አሉ" ብለው ሲስቁ እኔ አልስቅም። ሚዛኑን ትንሽ አሳንሼ እመዝንላቸዋለሁ። አላህ ይቅር ይበለኝ።

በማክሰኞው ክፍል ወደ ጥጌ ተመለስኩ። መምህር ያንኑ የጎረቤትን ጥያቄ ጠይቀው ስልኩን ማዞር ጀመሩ። ወረቀቱን ዴስኩ ላይ ደፋሁትና ባዶ እጄን አወጣሁ። ስልኩ እኔ ዘንድ ሲደርስ ቆመ። መምህር ነካ ነካ አደረጉት፤ የሚነበብ ነገር አጣ።

"አልገባኝም" አልኩ። ዘጠና ሦስት ሰው ዞረ።

መምህር ስልኩን ኪሳቸው ከትተው በዴስኮቹ መሃል እየተሹለኮለኩ እስከ ጥጌ መጡና ቁጢጥ አሉ።

"የቱ ጋ ነው፣ እትዬ ነሲባ?"

"ከ‘ጎ’ በኋላ ያለው ሁሉ።"