በሚመጣው መርከብ የሚሄደው ሰው

«ልሄድ ነው» ባይ የሌለበት ሰፈር በዓለም ላይ የለም። ካለም ሰፈር አይደለም፤ መንገደኛ ሻይ አፍልቶ የሚያልፍበት ሜዳ ነው። «ልሄድ ነው» ባይ የሚቆመው ሁልጊዜ በር ላይ ነው። አይገባም፣ አይወጣም፣ ሥራው የቤቱን ሙቀት ማስወጣት ነው። የእኛ ሰፈር ባሕር ዳር የተሰባሰበች የሃያ ቤት ሰፈር ብትሆንም በዚህ በኩል ፈጣሪ አልበደላትም። ክቡር ዱጋልድን ሰጥቷታል።

ክቡር ዱጋልድ የነጭ ቀበሮ ቆዳ ለሚገዛ ድርጅት ተቀጥረው ከመርከብ ሲወርዱ ሃያ አራት ዓመታቸው ነበር። እኔ ኩፓክ ያኔ ጥርሴን የምለውጥ ልጅ ነበርኩ። ገና እግራቸው ጠጠሩን እንደረገጠ «የመጣሁት ለአንድ ዓመት ነው፤ በሚመጣው መርከብ እሄዳለሁ» አሉ። መርከብ ወደ እኛ ብቅ የሚለው በዓመት አንዴ፣ በበጋ፣ ባሕሩ ላይ የረጋው በረዶ ሲሰነጣጠቅ ነው። የሚመጣው መርከብ መጣ፤ አልሄዱም፣ ታላቅ እህቴን ታፓታይን አገቡ። ሌላው መጣ፤ ቤታቸውን እየጠገኑ ነበር። ሦስተኛው ሲመጣ ጉንፋን ይዟቸው ነበር። እንዲህ እንዲህ እያለ ሠላሳ መርከብ አለፈ።

በየበጋው አንድ የቆርቆሮ ሳጥን ከአልጋ ሥር ጎትተው ያወጡና ዕቃቸውን ያሽጋሉ። ታፓታይ አትከራከርም። መርከቡ ጢሱን እየተፋ ከራቀ በኋላ ቀስ እያለች ትፈታዋለች። መጀመሪያ ማንቆርቆሪያው ይወጣል፣ ቀጥሎ ብርድ ልብሱ፣ መላጫው ግን ፂማቸው ሾርባ ውስጥ እስኪገባ ድረስ እዚያው ይቆያል።

«እውነት ሊሄድ ነው እንዴ?» አልኳት አንድ ጊዜ ደንግጬ።

«ካልሲውን ሲያጥፍ አላየኸውም?» አለችኝ። «የሚሄድ ሰው እንደዚያ አሳምሮ አያጥፍም።»

መሄዳቸው የማይቀር ነውና እስከዚያው ድረስ ሊያስተምሩን ቆርጠው ተነሡ። በረዶ ላይ ተወልዶ በረዶ ላይ ላረጀ ሰው ስለ በረዶ ያስረዳሉ። «እኛ አገር ቢሆን...» ብለው ከጀመሩ ሻይህን ጨርሰህ ሌላ ማስቀዳት ነው። እሳቸው አገር ቢሆን ውሻ ቤት ውስጥ ይተኛል፣ ዓሣ ተቀቅሎ ይበላል፣ ሰው ገና በር ላይ ሳለ ያንኳኳል። ግድግዳቸው ላይ የአየሩን ጠባይ የሚናገር ክብ መሣሪያ ሰቅለዋል። በጣታቸው ቆርቆር ያደርጉትና «ዛሬ ማዕበል አለ፣ ማንም እንዳይወጣ!» ይላሉ። እኛም ውሾቻችንን ጠምደን እንወጣለን። «ዛሬ ብራ ነው» ያሉ ቀን ግን አሮጊቷ አዋላጅ ኪላባክ እንኳ በሯን በበረዶ ትደፍናለች።

ቆዳ ሲገዙማ ሌላ ሥነ ሥርዓት ነው። መነጽራቸውን ይወለውላሉ። ቀበሮዋን ያነሣሉ፣ ያራግፋሉ፣ ጠጉሯ ከሥሩ እስኪከፈል እፍ ይሉባታል። ከዚያ «መልካም ቀበሮ ናት፤ ግን ከዚህ የተሻለ አይቻለሁ» ይላሉ። ባለቤቴ ኒቪያክ አንድ ቀን ይህ ነገር ቢሰለቻት ቆዳዋን ይዛ ወጣች፣ በር ላይ ጥቂት ቆመች፣ ያችኑ ቆዳ ይዛ ተመለሰች። ክቡር ዱጋልድ እፍ አሉና «አየሽ! ቀበሮ ማለት ይህች ናት!» ብለው ወደ እኔ ዞሩ። «ከሚስትህ ተማር፣ ኩፓክ።»

አደን ይዣቸው የወጣሁበትን ቀን አልረሳውም። አቆስጣ የተባለው ወፍራም የባሕር አውሬ ለመተንፈስ ብቅ የሚልባት ቀዳዳ በረዶው ላይ አለች፤ አዳኝ ጦሩን ይዞ እዚያች አጠገብ እንደ ድንጋይ ይቆማል። ግማሽ ቀን አይስልም፣ እግሩን አያነቃንቅም።

«ኩፓክ» አሉ በሹክሹክታ፣ «ክብደትህን ወደ ግራ እግርህ አድርገው።»

ዓይኔን ከቀዳዳው አላነሣሁም።

«ዋናው ነገር ጸጥታ ነው። አቆስጣ ጆሮው አይጣል ነው። እኛ አገር አንድ አጎት ነበረኝ...»

አጎታቸው ሞተው እስኪቀበሩ ድረስ ታሪካቸውን ሰማሁ፤ ከበረዶው በታች አቆስጣውም ሳይሰማ አልቀረም። ባዶ እጃችንን ስንመለስ «ነግሬሃለሁ፣ ቀዳዳው አይረባም» አሉኝ።

ከሁሉ የሚብሰው ግን የድንቹ ነገር ነው። ከአገራቸው አፈር በበርሜል አስመጥተው መስኮት ሥር ድንች ተከሉ። ለአንድ በጋ ሙሉ ውሻ አባረሩ። በመጨረሻ የተገኘው አንድ ድንች ነው፤ እሱም የአውራ ጣት ያህል። ጨው አዘጋጅተው ሊበሉት ሲቀመጡ ታፓታይ ቢላዋዋን መዘዘችና በአርባ ሦስት ቦታ ከተፈችው። አንድ ወንድ መጀመሪያ የጣለውን አውሬ ሰፈሩ ሁሉ ይቀምሳል፤ ወጉ ነው። አሮጊቷ ኪላባክ የድርሻዋን በምላሷ ጫፍ አንሥታ ቀመሰችና «ዛሬ ገና ዱጋልድ ሰው ሆነ!» ብላ እልል አለች። እኛም አጨበጨብን። ክቡር ዱጋልድ ባዶ ሳህናቸውን ይዘው ቆመው ነበር፤ ሊያለቅሱም ሊኮሩም ከጀላቸውና ሁለቱንም አደረጉት።

ለምን እንደሚሄዱ ከተጠየቁ መልሳቸው አንድ ነው፤ «እናቴ ትጠብቀኛለች።» እናታቸው ኤፊ ትባላለች። ኤፊ በየመርከቡ አንድ ደብዳቤና አንድ ጥቅል አረንጓዴ የሱፍ ካልሲ ትልካለች፤ ካልሲው የልጇ ብቻ ሳይሆን የሰፈሩ ግማሽ እግር የሚለብሰው ነው። ደብዳቤውን ክቡር ዱጋልድ በእኛ ቋንቋ እየመለሱ ለሁላችንም ያነቡታል። የላሟን ስም እናውቃለን። ዝናብ ሊመጣ ሲል የቀኝ ጉልበቷ እንደሚነግራት እናውቃለን፤ ጉልበቷ ከልጇ መሣሪያ የተሻለ ነበር። ከጎረቤቷ ጋር በዶሮ ምክንያት ስንት ዓመት እንደተኳረፈች እናውቃለን። ዶሮ የሚባለውን ነገር ከመካከላችን ያየ የለም፤ ሰፈሩ ግን አንድም ሳይቀር ከኤፊ ጎን ነበር።

እሷም ታውቀናለች። አንድ ዓመት «የኩፓክ ጥርስ ተነቀለለት ወይ?» ብላ ጻፈች። ከተነቀለ አሥር ወር አልፎት ነበር፤ ያን ስሰማ ግን ጥርሴ እንደ አዲስ አመመኝ። ደብዳቤው ሁልጊዜ የሚያልቀው «ዱጋልድ፣ መቼ ነው የምትመጣው?» በሚል ነው። እሳቸውም መነጽራቸውን አውልቀው «በሚመጣው መርከብ» ይላሉ፤ መርከቡ ፊት ለፊታቸው ቆሞ።

ከአራት ዓመት በፊት ሠላሳ አንደኛው መርከብ መጣና ቀልዱ አበቃ። ከመርከቡ አንድ ፂም ያላበቀለ ጎረምሳ ወረደና ክቡር ዱጋልድን የድርጅቱን ወረቀት አስያዛቸው። አርጅተዋል፣ ተተኪዎ ይኸው፣ ቤቱን አስረክበው በዚሁ መርከብ ይመለሱ ይላል። መርከቡ ዕቃውን አራግፎ የሚነሣው ከሁለት ቀን በኋላ ነው። ድርጅቱ ሽማግሌ ይወስዳል እንጂ መልሶ አያመጣም፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን።

«አብረን እንሂድ» አሏት ታፓታይን።

«ዝናብ ከጎን የሚመታበት ነው ያልከው አገር?» አለች እህቴ። «እኔ የማውቀው መሬት ይኸ ነው፤ አልችለውም። አንተ ግን ሂድ። ሠላሳ ዓመት እመጣለሁ ያልካት እናት ናት።» ክቡር ዱጋልድ ሳጥኑን አወጡ። ልብሳቸውን እየጨበጡ ወደ ውስጥ ወረወሩት፤ አንዲት ካልሲ እንኳ አላጠፉም። እህቴ ያን ጊዜ ፊቷን አዞረች።

እንደ ልማዳችን ደብዳቤውን ለመስማት ተሰበሰብን። ፖስታው ላይ ያለው ጽሕፈት ግን የኤፊ አልነበረም፤ የባለ ዶሮዋ ጎረቤት ነበር። ክቡር ዱጋልድ ማንበብ ጀመሩ፤ ሁለተኛው መስመር ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ኤፊ በሚያዝያ ዐርፋለች። መነጽራቸውን ወልውለው ቀጠሉ፤ ማንበባቸው አይቀርምና። «ስለ ዶሮዎቼ ይቅር ብላኛለች። የዘንድሮውን ካልሲ ጨርሳው ነበር። ትንሿ ጥንድ ለኩፓክ ቤት ናት፤ ልጁ ቢዘገይም ካልሲው ይቅደም ብላለች።»

እኔና ኒቪያክ አሥራ አንድ ዓመት ልጅ ስናጣ ኖረናል። ኒቪያክ ያን ዕለት ወሯ ገብቶ ነበር፤ ይህን ደግሞ ኤፊ ልታውቅ አትችልም። ካልሲዋ መዳፌ ላይ ሁለት ጣት አትሞላም ነበር። አለቀስኩ፤ አላፍርም።

«እንግዲህ ማን ይጠብቅሃል?» አልኳቸው። «ቅር፣ አማቼ! የምበላውን ትበላለህ።»

«መጣሁ ብያታለሁ» አሉ። «ለመቃብሯም ቢሆን መድረስ አለብኝ።» ከዚያ በኋላ ወይ ፍንክች።

መርከቡ በሚነሣበት ቀን ጠዋት ኒቪያክ ሴት ልጅ ወለደች። በእኛ ዘንድ ስም ለጌጥ አይደለም። ሕፃን የሞተ ሰው ስም ሲቀበል ያ ሰው ተመልሶ መጣ ማለት ነው፤ ዘመዱም በቀድሞው ዝምድናው ይጠራዋል። ሕፃኑም የሚያለቅሰው ስሙን እስክናገኝለት ነው። ለዚህች ልጅ የተዘጋጀው ስም የኒቪያክ አባት የናታክ ነበር፤ በብርዱ ወራት ነው የሞተው፣ ስሙም ወንድ ሴት አይልም። ልጄን እኔ ታቀፍኳት። ኪላባክ ጎንበስ ብላ «ናታክ፣ አንተ ነህ?» አለች። ሕፃኗ ጮኸች። «ናታክ?» ባሰባት።

«እስቲ ኤፊን ጥሪያት» አልኩ።

ኪላባክ ቀና ብላ አየችኝ። ኒቪያክም አየችኝ። ኪላባክ ተመልሳ ጎንበስ አለች። «ኤፊ፣ አንቺ ነሽ?»

ጸጥ አለች።

«ኧረ ጉድ!» አለች ኪላባክ። «ያን ሁሉ ባሕር አቋርጣ!»

ወደ ጠረፉ ሮጥን። ሳጥኑ ወደ መርከቡ በሚያደርሰው ጀልባ ላይ ተጭኗል። ክቡር ዱጋልድ አንድ እግራቸው ጀልባው ውስጥ፣ አንዱ ጠጠሩ ላይ ነው። ታፓታይ ራቅ ብላ ቆማለች።

«ዱጋልድ!» ብላ ጮኸች ኪላባክ። «ወዴት ነው? እናትህ መጥታለች!»

«ምን?»

«ኤፊ ናት። ሠላሳ አንድ ዓመት ጠበቀችህ፤ አልመጣ ስትላት መርከብም ሳትጠብቅ በአቋራጭ መጣች። አሁን እሷ ስትገባ አንተ ልትወጣ ነው? እኛ አገር ቢሆን ነውር ነው!»

ክቡር ዱጋልድ እግራቸውን ከጀልባው አወጡ፣ ቀርበው ሕፃኗን አዩ፣ በለሆሳስ እፍ አሉባት፤ ጠጉሯ ለሁለት ተከፈለ።

«አፍንጫዋ የእሷ ነው» አሉ። ከዚያ እንደ ልጅ ተንሰቀሰቁ፤ እህቴም መጥታ እጅጌያቸውን ያዘች።

በዚህ መሐል ጀልባው ሄዷል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሲታሸግ የኖረው ሳጥን ብቻውን ተሳፈረ። በዓመቱ ተመልሶ መጣ፤ ጎረቤትየዋ የዶሮ ላባ ጨምራበታለች። ሰፈሩ ላባውን እየተቀባበለ አየው። ያን ያህል የሚያጣላ ነገር አላገኘንበትም።

ኤፊ አሁን አራት ዓመቷ ነው። «ዱጋልድ፣ ተናፈጥ!» ትላለች፤ «እሺ እማዬ» ይላሉ። ጎረምሳውን ነጋዴ ቆዳ ላይ እፍ ማለት እያስተማሩ ጆሮውን በልተውታል። በየበጋው «በሚመጣው መርከብ እሄዳለሁ፣ እናቴ ከፈቀደች» ይላሉ። «አልፈቅድም» ትላለች ዳቦዋን እያኘከች። እኔም የእናታቸው አባት ነኝና አያታቸው ነኝ ማለት ነው። ኪላባክ ወጉ እስከዚያ ድረስ አይዘልቅም ብላኛለች፤ እኔ ግን አደን ወጥተን ቀዳዳው ላይ ስንቆም «የልጅ ልጄ፣ ዝም በል» እላቸዋለሁ። አይሉም።

አንድ የቀረ ነገር አለ። ኪላባክ «ኤፊ፣ አንቺ ነሽ?» ስትል ትንሿ ጣቴ በአቆስጣ ስብ ተነክራ ልጄ አፍ ውስጥ ነበረች። በስም መቀለድ እንዴት ያለ ኃጢአት እንደሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን ያ ለፍላፊ ሲሄድ ሰፈሩ ላይ የሚወርደውን ጸጥታ አሰብኩትና ፈራሁ። እወደዋለሁ፤ ምን ላድርግ?

ባለፈው ብርድ ሸክሙ ከበደኝና ለኒቪያክ ተናዘዝኩ። እሷ ጫማ እየሰፋች ነበር፤ ቀና እንኳ አላለችም።

«ጣትህን አይቼዋለሁ» አለች።

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ? የአባትሽ ስም ነበር እኮ!»

ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። «አባቴ ይጠብቃል» አለች። «እሱ የሚያመልጠው መርከብ የለም።»