ድምፄ ይሰማል?

በስልክ የሚሰጥ ትምህርት ሁሉ አንድ «ድምፄ ይሰማል?» አያጣም። መምህሩ ገና ሰላምታ ሳይጨርስ ይህ ሰው ድምፁ መሰማቱን ያረጋግጣል። ይሰማል። ከእሱ ሌላ የሚሰማም የለም።

የእኛው ክቡር «ድምፄ ይሰማል?» የሆስፒታላችን መድኃኒት መጋዘን ኃላፊ ናቸው፤ በዚያ ላይ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ። ሥራው ሁሉ በኮምፒውተር ሊሆን ነው ተባለና ሠራተኛው በሙሉ የሦስት ወር ኮርስ በስልክ እንዲማር ታዘዘ። ያላለፈ የመጋዘን ሠራተኛ ወደ በር ጥበቃ ይዛወራል። እኔ ካርድ ክፍል ነኝ፤ የሚነካኝ የለም። እሳቸው ግን ሃያ ሁለት ዓመት የኖሩት እዚያ መደርደሪያ መሃል ነው።

ለትምህርቱ ኮት ለብሰው፣ የጫማ ክር አስረው ይቀመጣሉ። ካሜራው ግን ዝግ ነው። «ዳታ ይበላል» ይላሉ።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ነገር ልጠይቅ ቤታቸው ብገባ፣ ቀኝ እጃቸውን ወደ ላይ ሰቅለው ላብ በላብ ሆነዋል።

«ጋሼ፣ ምን ሆነው ነው?»

«እጅ አውጡ አለች፣ አወጣሁ! ይኸው ግማሽ ሰዓቴ። ይቺ መምህርት ጥርሷ ውስጥ አስገብታኛለች፤ አይታ እንዳላየች ታልፈኛለች።»

የሚወጣው እጅ ስልኩ ላይ ያለችው ቢጫ ምልክት መሆኗን አሳየኋቸው። ትክ ብለው አዩዋትና «ይቺማ የኔ እጅ አይደለችም» አሉ።

ማይክ መዝጋትም አይሆንላቸውም። «ሰው እያናገረሽ በር ትዘጊበታለሽ?» ስለዚህ ክፍሉ በሙሉ ማስነጠሳቸውን፣ የሚፈላ ጀበና የመሰለ ጉሮሮ ማጽዳታቸውንና በየመሃሉ «እውነት ነው መምህር» ማለታቸውን ሰምቶ አደገ። እኔ ማይኬን ዘግቼ ሽንኩርት እከትፋለሁ። የስልክ ትምህርት ጥቅሙ ሽንኩርት እየከተፉ መማር ነው፤ ችግሩም እሱው ነው።

በመጨረሻው ቀን መምህርቷ ድንገት ንግግሯን አቋረጠች።

«አላችሁ?»

አርባ ሦስት ስም ተደርድሯል። ጭጭ።

«ሦስት ወር ለግድግዳ ያስተማርኩ ነው የሚመስለኝ» አለች ሆድ ብሷት።

«አለን መምህር! ድምፄ ይሰማል?»

«የእርስዎማ መቼ ጠፍቶ!» ሳቀች። «እርስዎ ባይኖሩ በሁለተኛው ሳምንት ትቼው ነበር።»

«ጎረቤቴም አለች። ሽንኩርት ስትከትፍ በግድግዳው ይሰማኛል።»

አፈርኩ። እሳቸው ፈተናውን በጥቂት ነጥብ ወድቀው ነበር፤ ያሻገራቸው የተሳትፎ ነጥብ ነው። ሙሉውን ያገኙት እሳቸው ብቻ ናቸው። መጋዘናቸው በእጃቸው ቀረ።

ቀጣዩ ኮርስ ለካርድ ክፍል ብቻ ነው። የመጀመሪያው ቀን መምህርቷ ገብታ «አላችሁ?» አለች። ክፍሉ ጭር ብሎ አስጠላኝ። ቢላዋዬን አስቀመጥኩና በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ማይኬን ከፈትኩ።

«ድምፄ ይሰማል?»

ከግድግዳው ወዲያ መልስ መጣ። «ይሰማል!»