ማን ሰጠህ ያለችኝ የባንክ ሠራተኛ

እኛ ስንሰጥ ሁለት ዓይነት ሰዎች ነን። ለሰርግ ከሆነ ስማችን በማይክሮፎን ካልተጠራ ራቱ ከጉሮሯችን አይወርድም። ለተቸገረ ሰው ሲሆን ግን አሰጣጣችን የሌባ ነው፤ ግራ ቀኝ አይተን፣ ብሩን መዳፋችን ውስጥ አጣጥፈን፣ ሰላም የምንል መስለን እንጨብጣለን። ተቀባዩም የራሱ ወግ አለው። አያይም፣ አይቆጥርም፣ እጁን ወደ ኪሱ ይከታል። «ልጆች ደህና ናቸው?» «ጌታ ይመስገን።» አለቀ። ይህን ትምህርት ቤት አላስተማረኝም፤ እኔና ትምህርት ቤት የተለያየነው ገና በስድስተኛ ክፍል ነው። ቀኝህ የምታደርገውን ግራህ አትወቅ የሚለውን ቃል ግን ሳናነበውም በፊት በእጃችን የምናውቀው ይመስለኛል።

የምኖረው ባሕር ማዶ፣ ስኔልቪል በምትባል ከተማ ነው፤ የምሠራው መኪና ማቆሚያ ውስጥ፣ መስኮት ካላት አንዲት ጠባብ ክፍል ነው። እሑድ እሑድ ሎረንስቪል ያለው ቤተ ክርስቲያናችን በር ላይ ቆሜ ሰው እቀበላለሁ። መስበክ አልችልም፣ መዘመርም ብትሰሙኝ ይቅር በሉኝ፤ መጨበጥ ግን እችላለሁ።

ታዲያ አንድ እሑድ ከስማይርና እየነዳች የምትመጣው እህት ዘነበች፣ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የምትሠራው፣ ተነሥታ ጸሎት ጠየቀች። ታናሽ ወንድሟ ደሳለኝ ሽንኩርት ጭኖ በሞያሌ በኩል ወደ ኬንያ የሚነዳ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ወደ ሶማሊያ ድንበር በሚጠጋው መንገድ ላይ አሸባሪዎች የቀበሩት ፈንጂ ከመኪናው ሥር ፈነዳ። መኪናው ከነወረቀቱ ነደደ። ረዳቱ አብዲ ጎትቶ አወጣው እንጂ አብሮ ነዶ ነበር። አሁን እግሩ ቶሎ ናይሮቢ ሄዶ ካልተሠራለት ይቆረጣል፤ የናይሮቢው ሆስፒታል ደግሞ ቅድሚያ ክፍያ ካላየ አልጋ አይሰጥም። ዘነበች ገንዘብ የሚል ቃል ከአፏ አልወጣም። ጸልዩልኝ ብቻ አለች።

ጸለይን። ከአሜን በኋላ ሰዉ ሲወጣ በር ላይ ያለሁት እኔ፣ ያን ቀን የተጨበጥኩትን ያህል ተጨብጬ አላውቅም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? ሎሚው ሁሉ ኪሴ ገባ። ማን ምን ያህል እንደሰጠ አላየሁም። ማየት ነውር ነው። በማግስቱ ባንክ አስገብቼ ሞያሌ ወዳለው ወደ አብዲ እንዲላክ አዘዝኩ፤ የደሳለኝ መታወቂያ ስለተቃጠለ የባንክ ደብተር ያለው እሱ ነበርና።

ባንኩ ያዘው።

ልጄን ሜሮንን ይዤ ሄድኩ። እሷ እዚሁ ያደገች የሂሳብ ባለሙያ ናት። ያነጋገረችን የባንክ ሠራተኛ ፈገግታዋ የማይጠፋ ትሑት ሴት ነበረች። ገንዘቡ ከየት መጣ ብላ ጠየቀችኝ።

«ከጌታ» አልኳት።

ሜሮን አልተረጎመችውም። «ዳዲ፣ እንደዛ አትልም።»

«ውሸት ነው እንዴ?»

«ውሸት አይደለም። ግን ላይክ፣ ጌታ አካውንት የለውም!»

ሴትየዋ ቀስ ብላ አስረዳችን። ሽብር የሚፈጽሙ ሰዎች ገንዘብ የሚሰበስቡት እንዴት መሰላችሁ፤ ከብዙ ደግ ሰው ጥቂት ጥቂት፣ በጥሬ ብር፣ በእግዚአብሔር ስም፣ በጸሎት ቤት በር ላይ። ከዚያ ደመወዙ አነስተኛ የሆነ አንድ የታመነ ሰው ወደ ድንበር ከተማ፣ ዘመዱ ላልሆነ ሰው ይልከዋል። ልጄ ይህን ስትተረጉምልኝ ፎቶግራፌን በቃል የምታነብልኝ መሰለኝ።

ብቆጣ ደስ ይላችሁ ይሆናል፤ አልተቆጣሁም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ስንል ሁልጊዜ የራሳችንን ድር ነው የምናስበው። ክፉ ሰውም ድር ያደራል። የደሳለኝን እግር የሰባበረው ፈንጂ በነፃ አልተገኘም፤ በአንድ ሰው መዳፍ ያለፈ ገንዘብ ነው የገዛው። ከሰጪዎቹ አንዱ ለወላጅ አልባ ልጅ የሰጠ መስሎት ሌሊቱን በሰላም ተኝቶ ይሆናል። ይህን ሳስብ ሴትየዋ «ማን ሰጠህ?» ማለቷ ትክክል ሆኖ ታየኝ። ችግሩ እኔ አለማወቄ ነው።

የሰጠ ሁሉ ስሙንና የሰጠውን መጠን ጽፎ ይፈርም ተባለ። ረቡዕ ማታ በጸሎት ፕሮግራማችን ላይ ፓስተራችን ነገሩን አስታወቀ። ባንኩ የሽብር ገንዘብ እንዳይሆን እያጣራ ነው ሲል ሰዉ ወደ በሩ ያይ ጀመር። በአህያ ቆዳ የተሠራ ቤት ጅብ ሲጮህ ይፈርሳል። አንዱ የመኖሪያ ወረቀቱን እየጠበቀ ነው፤ ሌላዋ የነርስነት ፈቃዷን። ያ ሁሉ ሰጪ የት ገባ? ወንድም ግርማን ወደ ጥግ ወሰድኩት።

«ግርሜ፣ አንተ እንኳ ሰጥተኸኛል።»

«እኔ? እኔ ሰላም ነው ያልኩህ፣ ወንድም ታደሰ።»

«መዳፌ ላይ የቀረውስ ምንድነው?»

«እሱማ ላብ ይሆናል።»

በዚህ መካከል ዘነበች ስልኳ ላይ የደረሰውን የአብዲን መልእክት አሰማችን። የደሳለኝ የእግር ጣቶች እየጠቆሩ ነው ይላል። ይህን ጊዜ እማማ በላይነሽ፣ ከሁላችንም በዕድሜ የሚበልጡት፣ ከወንበራቸው ተነሡ። «እኔ ሃያ ዶላር ሰጥቻለሁ። ጻፉኝ። እኔን አሥረው ደግሞ ምን ሊያበሉኝ ነው? ጥርስ እንደሁ የለኝ!» ሰዉ ሳቀ። ሳቁ ፍርሃቱን ይዞት ወጣ መሰለኝ፣ ሁሉም ተራ በተራ መነሣት ጀመረ።

አሁን ደግሞ ሌላ ጉድ። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል። በስውር የሰጠ ሰው በአደባባይ ስንት እንደሰጠ ሲጠየቅ ያው የሰርጉ ማይክሮፎን ትዝ ይለዋል። ከፊቱ ያለው መቶ ካለ እሱ እንዴት ሃምሳ ይበል? ላብ ነው ያለኝ ግርማ እንኳ መቶ ሃምሳ ብሎ ፈረመ። ውድ ላብ ነው። ሜሮን ደምራ ስትጨርስ የተባለው ገንዘብ ባንክ ካስገባሁት እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረው። ዓይኖች ቀስ እያሉ ወደ እኔ ዞሩ። «ቀሪውስ?» የሚል በየፊቱ ላይ አነበብኩ። ስንት ዓመት የቆምኩበት በር ያን ማታ ሊጥለኝ ነበር።

ሜሮን ብድግ አለች። «ኤክስኪዩዝ ሚ፣ አንድ ነገር። ባንኩ የጻፋችሁትን ገንዘብ ከየት እንዳመጣችሁት ፕሩፍ፣ ማለቴ ማስረጃ፣ ሊጠይቅ ይችላል። ስለዚህ ትክክለኛውን ብቻ፣ ፕሊስ።»

ወገኖቼ፣ እንዲህ ያለ ንስሐ በየትኛውም ስብከት አላየሁም። ሁሉም ወረቀቱን መልሱልኝ አለ። መቶው አርባ፣ አርባው አሥራ አምስት ሆነ። እማማ በላይነሽ ብቻ ሃያቸው ሃያ ሆኖ ቀረ። እንደገና ተደመረ። አሁን ደግሞ ጎደለ፤ ለዚያውም ትንሽ አይደለም፣ ሲሶ ያህሉ ባለቤት አጣ። የኔ ነው ብዬ ልፈርም እጄ ተነሣ፤ እውነት አይደለማ፣ መልሼ አወረድኩት።

በማግስቱ መኪና ማቆሚያው ውስጥ ሆኜ ስጸልይ ዋልኩ። ጌታ ሆይ፣ ያን ሰው አስነሣው እያልኩ። ከሰዓት በኋላ አንዲት መኪና መስኮቴ ሥር ቆመች። ዘነበች ናት፤ የሥራ ልብሷን እንኳ አልቀየረችም።

«ወንድም ታደሰ፣ የጎደለው የኔ ነው» አለችኝ።

«የምን ያንቺ?»

«እኔም ጨብጬዎታለሁ እኮ።»

«ለገዛ ወንድምሽ በኔ በኩል? ራስሽ አትልኪለትም ነበር?»

ከኋላዋ ያለው መኪና ጥሩምባ ነፋ። ዞር ብላም አላየችው።

«ቤተ ክርስቲያን ያለውን ሰው ኑሮ አውቀዋለሁ። የተዋጣው ካነሰ ያፍራሉ፤ ካፈሩ ደግሞ ተበድረው ይጨምራሉ። በነሱ ላይ ደባልቄው ‹ሞላ› እንዲባል ነው የፈለግኩት። ቤት ልገዛበት ያስቀመጥኩት ነበር። ለደሳለኝ ሁሉንም ምእመናን ሰጡ ብዬዋለሁ። አደራዎን፣ እንዳይነግሩት! የቤቴ ገንዘብ መሆኑን ከሰማ መርፌውንም አልወጋም ይላል።»

አደራውን ተቀበልኩ።

ዘነበች ፈርማ ሰጠችኝ፤ እኔም ለሜሮን ነገሩን ነግሬያት ወዲያው ባንክ ሄድን። ሴትየዋ ፊርማዎቹን አንድ በአንድ አየች፤ የዘነበች ላይ ስትደርስ ቆመች። ይህች የተጎጂው እህት ናት፣ ለምን በቀጥታ አልላከችም አለች። ልጄ ሳታማክረኝ ጀመረች። ረጅም ነገር ተናገረች፤ እኔ የሰማሁት «ሼም»፣ ሐፍረት፣ የምትለዋን ቃል ብቻ ነው። ሴትየዋ መነጽሯን አውልቃ ለአለቃዋ ስልክ ደወለች። ገንዘቡ ያን ቀን ተለቀቀ።

እግሩ ተረፈ። ጥቂት ያነክሳል ይላሉ፤ ግን የራሱ እግር ነው።

ባለፈው ሰሞን ደሳለኝ ከናይሮቢ ደወለልኝ። መረቀኝ፣ ምእመኑን ሁሉ መረቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ከሰጡት ሰዎች ውስጥ እህቴ አለችበት?» አለኝ።

ለማላውቃት የባንክ ሴት በፊርማ ያረጋገጥኩትን ነገር ለዘነበች የእናት ልጅ መናገር ተሳነኝ። «ጸልይላት» አልኩት።

«እሺ» አለ። እሺታው ቀዝቃዛ ነበር፤ እህቴ እጇን አልዘረጋችልኝም ብሎ የደመደመ መሰለኝ።

አሁን የዚህችን ሴት ልግስና ባንኩ ያውቃል፣ ምናልባት ዋሽንግተን ያለ አንድ ቢሮም ያውቃል፣ እኔና ልጄም እናውቃለን። የማያውቀው በሁለት እግሩ የቆመው ሰው ብቻ ነው። ሕግ አወጣጡን አላውቅበትም፤ ሕጉም መጥፎ ነው አልልም። ግን ይህ ነገር ልክ አይመስለኝም።

ስለዚህ ልጻፈው አልኩ። በእርግጥ ዘነበች እውነተኛ ስሟ አይደለም፤ ደሳለኝም እንደዚያው፤ የጫነውም ሽንኩርት አልነበረም። አደራዬን ጠብቄያለሁ፣ በአፌ አልነገርኩትም። ጽሑፉ ናይሮቢ ደርሶ አንዱ የሚያነክስ ሾፌር ራሱን ቢያገኝበት ግን፣ እኔ ምን አደርጋለሁ?