ሕመሙ የማን ነው?

ድሮ የታመመ ሰው ሕመሙ የራሱ ብቻ አልነበረም። እናንተ በር ተዘግቶላችሁ የምትመረመሩ ልጆች ይኼን አታውቁትም። እኛ ወልቂጤ ልጆች ሳለን አንድ ድሬሰር ነበረን፤ መርፌውን በቆርቆሮ ሣጥን የሚቀቅል፣ ጋዋኑ ሁለት ቁልፍ የጎደለው፣ ደግ ሰው። ወግቶ ሲሸኛችሁ አንገቱን በመስኮት ያወጣና «ለዚች ልጅ የኮሶ መድኃኒት ሰጥቻታለሁ፤ ዛሬ ጥሬ ሥጋ እንዳታቀምሷት» ብሎ ለመንገደኛው ሁሉ ያውጃል። እኔ ቤት ሳልደርስ ኮሶዬ ሰፈር ደርሶ ይጠብቀኛል። ማፈሩን አፍራለሁ፤ ግን ከሦስት ቤት አጥሚት ይመጣልኛል።

ክፉ በሽታ ሲሆን ግን ያው ሰውዬ ድምፁን ይቀንሳል። ታላቅ ወንድም ያስጠራል፣ ባሕር ዛፉ ሥር ወስዶ በጆሮው ይነግረዋል፤ ወንድም ለአጎት፣ አጎት ለጎረቤት፣ ጎረቤት ለእናቴ። ከእናቴ በኋላ ያለውን ተዉት። ሁሉም ያውቃል፤ ታማሚው ብቻ አያውቅም። ጠያቂው እየሳቀ ገብቶ፣ አጥሩን ሲያልፍ ዓይኑን ይጠርጋል። ክፋት እንዳይመስላችሁ። ፍቅር ነበር፤ ትንሽ የሚያፍን ፍቅር።

ይኼን ሁሉ ያስታወሰኝ ጎረቤቴ ጋሽ ዘበርጋ ነው። የእንሰት ቃጫ ነጋዴ ነበር፤ በጣቱ ዳሰስ አድርጎ የቸሃ አገር ይሁን የአገና የሚለይ። ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ጎመኑንም ወሬውንም የማደርስለት እኔ ነበርኩ። ከሁለት ዓመት በፊት፣ መስቀል ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ ሲበሳ አየሁትና እየጎተትኩ ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ውጤቱ የሚነገር ዕለት አንድ ልጁ ብርነሽ ከአዲስ አበባ መጣች። አባትየውን አግዳሚው ላይ አስቀምጠን፣ እኔና እሷ ቀድመን ገባን።

ዶክተሩ ጺሙ ገና በቅጡ ያልሞላ ልጅ ነው።

«ውጤቱን ለእኔ ንገረኝ» አለችው ብርነሽ። «ለሱ ጨጓራ ነው በለው። መስቀሉን በሰላም ያሳልፍ።»

«ሕመሙ የሳቸው ነው። ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልጉ ራሳቸውን እጠይቃለሁ። አልፈልግም ካሉ አልነግራቸውም፤ ለልጄ ንገር ካሉም እነግርሻለሁ። ሙያውም ሕጉም የሚያዘኝ ይኼንን ነው።»

«አባቴን በድንጋጤ ልትገድለው ነው?»

«አንተ ልጅ፣ እናትና አባት የለህም?» አልኩት እኔም።

«አሉኝ፣ እትዬ» አለና በሩን በትሕትና ከፈተልን። ውጡ ማለቱ ነው።

ጋሽ ዘበርጋ ብቻውን ገባ። ጆሮዬን በሩ ላይ አልለጠፍኩም ብዬ አልዋሻችሁም፤ የዛሬ በር ግን ወፍራም ነው። ሲወጣ ፊቱ እንደ ወትሮው ነበር። «ጨጓራ ነው አለኝ» አለን። ብርነሽ፣ ዶክተሩ ራርቶ ቃሏን የተቀበላት መስሏት፣ እውነቱን ለራሷ ልትሰማ ተመልሳ ገባች።

«እንድነግርሽ አልፈቀዱልኝም» አላት።

እከስሃለሁ አለችው፤ በወለደኝ አባት ምን አገባህ አለችው። ልጁ ደግሞ በሩን በትሕትና ከፈተላት።

መስቀል እንደ ልማዱ ደረሰ። ዘመዱ ሁሉ ከአዲስ አበባ ገባ፣ ሰንጋው ተጣለ፣ ጋሽ ዘበርጋም መረቀ። ምርቃቱ ከወትሮው ረዘመ ብዬ ታዝቤያለሁ። እንግዳው ተሸኝቶ ግቢው ጭር ሲል እኔንና ሁለት ሽማግሌዎች ጠራን።

«ካንሰር ነው» አለ። «ከሐኪም ቤት የዋሸኋችሁ እኔ ነኝ፤ ልጁ አልዋሸም። ለልጅዎ ማን ይንገርልዎ ሲለኝ፣ ከመስቀል በኋላ በወጉ ይነገራታል አልኩት።»

በወጉ ማለት ታውቁታላችሁ። ከባድ ነገር በስልክ አይነገርም፤ ሽማግሌ ተሰባስቦ ገና ሲነጋ በር ያንኳኳል።

«እኔም አብሬ እሄዳለሁ፤ ሕክምናውን እዚያው እጀምራለሁ። ፊቷን ማየት ግን አልችልምና መኪና ውስጥ እቆያለሁ። አንቺም ትመጫለሽ፤ ትቼሽ ብሄድ ቀድመሽ ትደውያለሽ።»

ምን እላለሁ? እውነቱን ነው።

አዲስ አበባ ዘመድ ቤት አድረን፣ ሲነጋ ብርነሽ ደጅ ደረስን። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ፣ እኔ ነጠላዬን እንዳዘቀዘቅኩ በሩን አንኳኳን። ምን እንደምንመስል ከአራታችን አንድ ሰው እንኳ አላሰበውም። በሩን ከፈተች፣ አየችን፣ ቃል ሳንተነፍስ መሬት ላይ ተዘረረች።

ኧረ አልሞተም ብንል ማን ሊሰማን። ጎረቤቱ ግልብጥ ብሎ ወጣ። እሷ ደረቷን ትመታለች፦ ቃጫ ተሸክሞ ያስተማረኝ አባቴ፣ የሠርጌ ዕለት ተደብቆ ያለቀሰው አባቴ፣ ልደብቅህ ስል ቀድመህ የተደበቅኸኝ አባቴ፣ ይቅር በለኝ። ወደ መኪናው ዞርኩ። ጋሽ ዘበርጋ መስኮቱን እስከ ታች አውርዶ ያዳምጣል። ና ውረድ ብዬ በእጄ ጠራሁት። ቆይ አለኝ፣ በጣቱ።

ሰምቶ ሲጠግብ በዱላው ተደግፎ ወረደ፣ ሕዝቡን ከፍሎ ገባና አጠገቧ ተቀመጠ። «ብርነሽ፣ የቀረውን ስሞት ትጨርሽዋለሽ» አላት። «አሁን ተነሽና ሐኪም ቤት ውሰጂኝ።»

ለዚያ ጎረምሳ ዶክተር ሄጄ አወራሁለት። ከት ብሎ ሳቀ። «ይኼን አላስተማሩንም፣ እትዬ» አለኝ።

ጋሽ ዘበርጋ አንድ መስቀል ጨምሮ አየ። ዘንድሮ ወልቂጤ ተመልሶ እዚሁ ቤቱ አረፈ። እኛም፣ እነዚያው ሽማግሌዎችና እኔ፣ አዲስ አበባ ሄደን ገና ሲነጋ ያንኑ በር አንኳኳን። ብርነሽ ከፈተች። አልጮኸችም። በመካከላችን አልፋ ወደ መኪናው ሄደች፤ በሁለት እጇ ብርሃኑን ከልላ ግንባሯን መስኮቱ ላይ አስደግፋ ውስጡን አየች። የኋላውን ወንበር፣ ቀጥሎ የፊቱን፣ ከዚያ ደግሞ የኋላውን።

ማንም ሳይነግራት አለቀሰች።