ለጋሼነት የተገዛ ግራፊክስ ካርድ

ዲላ ውስጥ አንድ ነገር ድንገት ቀጥ ካለ ምክንያቱን ለማወቅ ባለሙያ አንጠራም። «መብራት ሄደ» እንላለን፤ አለቀ። እነዚህ ሁለት ቃላት ያላስረዱት ምሥጢር የለም። ወፍጮ ዝም ሲል፣ ፍሪጅ ዝም ሲል፣ ተናጋሪ ስብሰባ መሀል ወሬው ሲጠፋው፣ ሁሉም መብራት ሄዶበት ነው። እኔ ማጋነን አልወድም፤ በዓይኔ በብረቱ ያየሁትን ብቻ ልናገር። መናኸሪያው አጠገብ ዳገት ላይ ሞተሩ የጠፋበት የባጃጅ ሹፌር ወርዶ ቤንዚኑን እንደማየት ቀና ብሎ የመብራት ምሰሶውን አየ። ተሳፋሪዎቹም አብረውት አንጋጠጡ። ከተሳፋሪዎቹ አንዱ እኔ ነበርኩ።

ይህን የማወራው ለራሴ ጥፋት አስቀድሜ ተባባሪ ልሰብስብ ብዬ ነው።

ሐዋሳ የሚሠራው ልጄ ከአንድ መሥሪያ ቤት በጨረታ ያወጣትን ዴስክቶፕ ኮምፒውተር «አባዬ፣ ዜና አንብብባት» ብሎ ትቶልኝ ሄደ። ስንት ጸሐፊ ደብዳቤ ሲደበድብባት የኖረች ማሽን ናት። ቁልፏን ተጭኜ፣ ፊቴን ታጥቤ፣ ጺሜን ተላጭቼ፣ ከጎረቤት ጋር ተጣልቼና ታርቄ ስመለስ ገና እየተነሣች አገኛታለሁ። ዜናው እስኪከፈት ታሪክ ይሆናል። ስለዚህ ዜናውን ትቼ ውስጧ ያገኘሁትን የእግር ኳስ ጨዋታ ያዝኩ። ይህ ለጡረተኛ የጂኦግራፊ መምህር አይመጥንም የሚል ካለ፣ ሜዳ እኮ መሬት ነው።

ተጋጣሚዬ በራሶ ነው። ዕድሜውን በሙሉ አሪቻ ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ሚዛን ላይ የሠራ፣ ሰው ሲጨብጥ እንኳ ኪሎውን የሚገምት፣ ሚስቱ ከሞተችበት ብዙ ጊዜ የሆነው የልብ ወዳጄ። በዚያች ማሽን የምናጫውታቸው ልጆች ፊት አልነበራቸውም፤ ከአንገት በላይ የተቀቀለ ድንች ነበሩ። ኳሷም በየመሀሉ ትሰወርና ሌላ ቦታ ትወለዳለች። ቢሆንም አንድ ቀን እሱ፣ አንድ ቀን እኔ እያሸነፍን በሰላም እንኖር ነበር።

በእኔና በእሱ መካከል ግን ሠላሳ ዓመት ያልተፈታ ክርክር አለ፤ በዕድሜ ማን ይበልጣል? የልደት ወረቀታችንን ሁለታችንም ያወጣነው ካረጀን በኋላ ነው፤ ቀኑንም የነገርናቸው እኛው ነን። እሱ «አንተ ስትወለድ እኔ ቡሌ ገበያ በእግሬ ደርሼ እመለስ ነበር» ይላል። እኔ «ደርሰህ ይሆናል፤ በአንቀልባ» እለዋለሁ። ነገሩ ቀልድ አይምሰላችሁ። ጡረተኞች በምንሰበሰብበት በወይዘሮ ብዙነሽ ሻይ ቤት ታናሽ ለታላቅ ብድግ ይላል። እኔና በራሶ ግን ማን ለማን እንደሚነሣ ስላልተወሰነ፣ አንዳችን ስንገባ ሌላው መቀመጫውን አንድ ስንዝር ብቻ አንሥቶ ይመልሳል። እንዲህ ስናደርግ ዓመታት አለፉ። ሐኪሙ ወገቤን ምን እንዳመመኝ ሲጠይቀኝ ይህን ለማስረዳት ሞክሬ አልተሳካልኝም።

አንድ ቀን በራሶ «በኳስ ይለይ» አለ። የተሸነፈ እስከሚቀጥለው ፋሲካ ድረስ አሸናፊው በገባ ቁጥር ሙሉ በሙሉ ብድግ ይላል፤ «ጋሼ» ብሎም ይጠራዋል። ወይዘሮ ብዙነሽ ምስክር ሆነች። በራሶም በምስክሯ ፊት ደረቱን ነፋ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሹክ ልበላችሁ፤ ይህ ሰው ለዚህች ባል ለሌላት ሴት ሲል በየሁለት ሳምንቱ ፀጉሩን ጥቁር ቀለም ይቀባል። እንደ ሽማግሌ መከበር፣ እንደ ጎረምሳ መወደድ ይፈልጋል። ዕድሜውን ሚዛን ላይ ያሳለፈ ሰው ሁለቱን ባንዴ ልጫን ሲል ምን ይባላል?

«ግን ቲቸር» አለኝ በራሶ፤ «ክብር በማይታይ ኳስ አይወሰንም። ኮምፒውተርዋ ትታደስ።»

ልጄ ጋ ደወልኩ። ችግሯ ግራፊክስ ካርድ መሆኑን ነገረኝ፤ ሥዕሉን የሚሥልላት ዕቃ ማለት ነው። ከሐዋሳ በሚኒባስ ሹፌር እጅ ላከልኝ። ዋጋውን አልጽፍም፤ ባለቤቴ አስካለ ማንበብ ትችላለች። ሁለት ማራገቢያ የተገጠመለት ነገር ነው። አስካለ ካርቶኑን ገልጣ አየችውና «እኔ የምድጃዬን ከሰል በክዳን አራግባለሁ፤ ለኮምፒውተር ሁለት ማራገቢያ ይገዛል» ብላ ከደነችው። ልጄ በስልክ «አባዬ፣ ፓወር ሰፕላይዋ ግን...» ሲል መስመሩ ተቆርጦ ነበር። ልጅ ሲባል መቼም «ግን» ማለት ይወዳል ብዬ ተውኩት። የኮምፒውተሯን ክዳን በሽንኩርት ቢላ ፈታሁ፣ ካርዱን የሚገባበት ክፍተት ፈልጌ ተጫንኩት። ቀጭ አለ። መሐንዲስነት ይኸው ነው፤ አራት ዓመት ምን እንደሚማሩ እንጃ።

ጨዋታው ሲከፈት በራሶ ጆይስቲኩን ከእጁ ጣለ። ድንቾቹ ፊት አውጥተዋል። ላብ ሲወርዳቸው ይታያል። አንዱ ተከላካዬ ጥርሱን እንዳልፋቀ ሳይቀር አየሁ። ጀመርን። በራሶ በቀኝ በኩል ሰንጥቆ ገባ፣ አንዱን አለፈ፣ ሁለተኛውን አለፈ፣ ከግብ ጠባቂዬ ጋር ተፋጠጠ፤ ስክሪኑ ድርግም አለ።

«መብራት ሄደ» አልን ባንድ አፍ።

ደንባችን ግልጽ ነው፤ መብራት ከሄደ ጨዋታው ይሰረዛል። ቁጭ ብለን መብራት ጠበቅን። እንዳይደብረን ሬዲዮ ከፈትን። የዓለምን ዜና፣ የስፖርቱን ዜና፣ የአየሩን ጠባይ ሰማን። በኋላ በራሶ «እስቲ መጥቶ እንደሆነ» ብሎ ቁልፏን ሲነካት ተነሣች። «መጣ» ተባባልን። በማግስቱም በራሶ ጎል አፋፍ ሲደርስ ጠፋች። በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። ተናድጄ ለመብራት ሰዎች ደወልኩ። ስልኩን ያነሣው ሰው ሠፈራችን መብራት አለ አለኝ። «ልጄ፣ እዚህ ቤት የተቀመጥኩት እኔ ነኝ ወይስ አንተ?» ብዬ ጀምሬ እስከ ምድር ወገብ ድረስ አስተማርኩት።

ይህን ሁሉ ስናገር አስካለ ከኋላችን ልብስ እየተኮሰች ነበር። «አንተ ሰውዬ» አለችኝ ቀና ሳትል፤ «እኔ ታዲያ በምንድን ነው የምተኩሰው? በጸሎት?»

ዞር ብለን አየን። የካውያው ገመድ ግድግዳው ላይ ተሰክቷል። የሬዲዮውም አጠገቡ። ሦስት ቀን ሙሉ በመብራት የሚሠራ ሬዲዮ እያዳመጥን መብራት ስንጠብቅ ከርመናል።

የእኔ እፍረት አንድ ነገር ነው፤ የበራሶ ፊት ግን ሌላ ሆነ። «ቲቸር፣ እኔ ጎል ስቀርብ ብቻ ነው የምትጠፋው» አለኝ። ጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ብሎ አየ። ጋቢዬን ገለጠ። የእግሬን ጣቶች አንድ በአንድ መረመረ። ምንም አላገኘም፤ ግን ቀጥ ብሎ ሻይ ቤት ሄዶ «ቲቸር በእግሩ መብራት ያጠፋል» ብሎ አወራ። በማግስቱ ስገባ ያቺ የአንድ ስንዝር መነሣት እንኳ ቀረችብኝ። የሠላሳ ዓመት ወዳጅነቴና ስሜ አንድ ላይ ሊሄዱ ነው። ስለዚህ ትምክህቴን ዋጥ አድርጌ ኮምፒውተሯን ባጃጅ ላይ ጫንኩና፣ ከበራሶ ጋር፣ ዩኒቨርሲቲው መንገድ ላይ ኮምፒውተር የምትጠግነው ሰሚራ ዘንድ ሄድኩ። ሰሚራ ከጅማ ለትምህርት መጥታ እዚሁ የቀረች፣ ቀልድና ብሎን የማይጠፋት ሴት ናት።

ክዳኗን ከፍታ የሽንኩርት ሽታ ስለሸተታት መጀመሪያ እኔን አየችኝ። ከዚያ አንዱን ሳጥን በጣቷ መታ አደረገች። «ፋዘር፣ የመብራት ጉዳይ አይደለም። ይኼ ፓወር ሰፕላይ ነው፤ ከግድግዳው የሚመጣውን ለሁሉም የሚያካፍለው እሱ ነው። የተሠራው ደብዳቤ ለሚጻፍበት ማሽን ነው። የሁለት ሰው ድስት በሉት። እርስዎ ደግሞ ሠርገኛ አመጡበት። ካርዱ ሥራ ሲበዛበት ጨምርልኝ ይላል፤ እሱ የለውም፤ ራሱን ያጠፋል።»

«ታዲያ ለምን እኔ ጎል ስቀርብ ብቻ?» አለ በራሶ።

ጎል ሲቀርብ ተመልካቹ ብድግ ይላል፣ ሥዕሉ ይቀርባል፣ የካርዱ ሥራ ይበዛል አለች። በራሶ አልተዋጠለትም። «ቲቸር ጎል ሲቀርብስ ለምን አትጠፋም?»

ሰሚራ ወደ እኔ ዞረች። «ፋዘር፣ በእነዚህ ሦስት ቀናት ጎል ቀርበው ያውቃሉ?»

እኔ ይልቅ የጥገናውን ዋጋ ጠየቅኳት።

ጉልበት ያለው አዲስ ፓወር ሰፕላይ ገጠመችልን። ከድሮው ስለሚተልቅ ሆዷ ውስጥ አልገባም፤ አናቷ ላይ እንደ ባርኔጣ አሰረችው፤ ገመዶቹን በጎን አስገባች። ስታስነሣት ፊቴን ልታጠብ ብዬ ሳልዞር ተከፈተች። በራሶም በሰሚራ ፊት ይቅርታ ጠየቀኝ፤ እጄን ሲጨብጠኝ «ቀንሰሃል» አለኝ። እኔም ቅር አላለኝም፤ ወሳኙን ጨዋታ እዚያው ሱቅ ውስጥ እንጨርሰው አልኩ።

ያን ጊዜ ነው አንድ ነገር የገባኝ። ያቺ አሮጊት ማሽን ለካ እኔ አስቤ እስክጨርስ ስትጠብቀኝ ኖራለች። ሁለታችን እኩል አርጅተን ተግባብተን ነበር። አሁን በሙሉ ኃይሏ ስትነሣ የምታሳየው ኳስ ኳስ አይደለም፤ ጥይት ነው። እኔ «ግራ» ብዬ እስክወስን በራሶ ቀኝ አግብቶ፣ ጨፍሮ፣ ወደ መሀል ሜዳ ተመልሷል። ሰባት ለዜሮ። ሰባቱንም ጎል ካርዱ ከአራት አቅጣጫ እየደጋገመ አሳየኝ፤ ጥራቱ ልዩ ነበር።

በማግስቱ በራሶ ሻይ ቤት ገባ። ብድግ አልኩ። «ኖር ጋሼ።» «በእግዜር» አለ፤ ሻዩን ሁለቴ ፉት ብሎ ወጣ። እንደገና ገባ። ያን ቀን ጠዋት አሥራ አንድ ጊዜ ገባ። ጉልበቴ ሲንቋቋ ገደብ ከተማ የሚሄደው አውቶብስ ሹፌር ጎማ የፈነዳበት መስሎት ወርዶ አይቷል።

ግን እዩት እንግዲህ የሰውን ሥራ። ሽበታም መምህር እንዲህ ብድግ የሚልለት ሰው ዕድሜው ስንት ቢሆን ነው ብለው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መነሣት ጀመሩ። ባጃጅ ውስጥ ፊት ለፊት ያስቀምጡታል። አንድ ደግ ሰው ምርኩዝ ሰጠው። ወይዘሮ ብዙነሽ እስከዚያ ድረስ «በራሶ» ነበር የምትለው፤ አሁን «አባባ» ማለት ጀመረች፤ ከሻዩም ላይ ለዕድሜው ብላ ስኳር ቀነሰች። እኔን ደግሞ በዚያው ሰሞን «ቲቸር እንኳ ገና ነዎት» አለችኝ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ያን ቀን ብድግ ስል ጉልበቴ አልጮኸም። መሸነፍ እንዲህ ያለ ትርፍ እንዳለው ማን ነግሮኝ?

በሳምንቱ በራሶ ምርኩዙን ብብቱ ውስጥ ሸሽጎ ቤቴ መጣ። ከፀጉሩ ቀለም በቀር ፊቱ ሁሉ ነጥቷል። አንድ የገደብ ነጋዴ ለወይዘሮ ብዙነሽ ሽማግሌ ሊልክ ነው። እሷም አባቷ በሕይወት ስለሌሉ፣ እሑድ ሽማግሌዎቹን የሚቀበልላት ሁነኛ ሰው ፈልጋ፣ «አባባ፣ እንደ አባት ሆነው ይቁሙልኝ» ብላዋለች።

«ቲቸር፣ እሑድ ሳይደርሱ ሌላ ጨዋታ እንጫወት» አለኝ። «እኔ ልሸነፍ። በሰው ፊት አንተን ጋሼ ብዬህ ይለፍልኝ።»

አልጨከንኩም፤ እሑድ ከምሳ በኋላ ተቀመጥን። ግን ምሥጢሬን ለእናንተ ልንገራችሁ፤ እኔም ጋሼ መሆን አልፈለግኩም። «ገና ነዎት» ከተባልኩ ገና ሳምንቴ ነው። በራሶ ኳሷን እንዳገኘ ወደ ራሱ ጎል ይዟት በረረ። ተከትዬው ሮጥኩ፤ ነጠቅኩት፤ ወደ ራሴ ጎል በረርኩ። የእሱን ጎል የምጠብቀው እኔ፣ የእኔን የሚጠብቀው እሱ። ያ ጥሩ ካርድ የግብ ጠባቂዬን ፊት ጥርት አድርጎ ያሳየኝ ነበር፤ ሰው እንዲህ ሲከፋው አይቼ አላውቅም። ዘጠኝ ለዘጠኝ አለቀ። ፍጹም ቅጣት ምት ገባን። እሱ ወደ ሰማይ፣ እኔ ወደ ሰማይ። ተመልካቹ ራሱን ሲሸፍን ይታያል። ከአርባኛው ምት በኋላ የበራሶ ስልክ ጮኸ።

«አባባ» የሚለው የወይዘሮ ብዙነሽ ድምፅ እኔ ጋ ድረስ ተሰማ፤ «እንግዶቹ በር ላይ ናቸው፤ ያለ እርስዎ ማን ያስገባቸዋል?»

በራሶ ስክሪኑን አየ። እኔን አየ። ጆይስቲኩን ቀስ ብሎ አስቀመጠ፣ ምርኩዙን አነሣ፣ «መጣሁ ልጄ» አለና ወጣ።

የመምታት ተራው የእሱ ነበር። ማሽኗ ጠበቀችው፣ ጠበቀችው፣ ከዚያ ጨዋታውን ጥሎ መሄዱ ገባትና በደማቅ ፊደል አሸናፊው እኔ መሆኔን ጻፈች። ሕዝቡ ጮኸልኝ፤ ብጣሽ ወረቀት ከሰማይ ዘነበብኝ። ግራና ቀኝ አየሁ። አስካለ አልነበረችም። ማንም ሳያየኝ ማሽኗን አጠፋኋት።

ሰኞ በራሶ ሻይ ቤት ሲመጣ አረማመዱ ሌላ ነበር። ቀርቦኝ በጆሮዬ አወራኝ። ሽማግሌዎቹ ተናግረው ሲጨርሱ፣ እንደ አባት ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «እኛም እንምከርበት፤ ከፋሲካ በኋላ ተመለሱ» ብሎ ሸኝቷቸዋል። ከፋሲካም በኋላ አንድ ሁለት ጊዜ ሊመልሳቸው አስቧል። «አባትነት እንዲህ ሥልጣን እንዳለው አላውቅም ነበር» አለኝ።

«ታዲያ የእሑዱን ጨዋታ መቼ እንጨርሰው?» አልኩት።

«የምን ጨዋታ?» አለና ምርኩዙን ወለሉ ላይ ኳ አድርጎ፣ ሳይቀመጥ ቆሞ ጠበቀኝ።

እኔ አሸናፊው ብድግ አልኩለት።